«ይጠቅማል» እና አምፖሎቻቸው

የባለቤቴን አክስት ሰፈሩ በስማቸው አይጠራቸውም፤ «ይጠቅማል» ነው የሚላቸው። ክር ይሁን፣ ክዳን ይሁን፣ እጀታው የወለቀ ድስት ይሁን፣ ልንጥል ስንል ከእጃችን ነጠቅ ያደርጉና «ይጠቅማል!» ብለው አልጋቸው ሥር ይሸጉጡታል። እኛ ጋ መኖር ከጀመሩ ወዲህ የቆሻሻ ቅርጫታችን ጾሙን ያድራል።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ሕፃኗ ልጄ አልጋዋ ላይ ተንጋላ ትፍለቀለቃለች። ቀና ብል የተቃጠሉ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች፣ እነዚያ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠማዘዙት፣ በቀይ ክር ታስረው ከራሷ በላይ ይወዛወዛሉ።

«እማማ፣ እነዚህ ውስጣቸው ሜርኩሪ አለ እኮ! ባዜቃ የሚሉት። ከተሰበሩ ትነቱ መርዝ ነው።»

«ሂጂ ወዲያ! በርቶ ያልገደለን ሞቶ ሊገድለን ነው?»

ልጄን ብድግ ሳደርጋት ክንዴ ክሩን ነካው፤ አንዱ ወለሉ ላይ ጧ! እማማ መጥረጊያ ይዘው ከተፍ አሉ።

«መጥረጊያው ይቅር፣ ይበትነዋል!» ብዬ ልጄን አሳቅፌ ወደ ውጭ ሸኘኋቸው። መስኮቱን ከፍቼ ክፍሉ እስኪናፈስ እኔም ወጣሁ። ተመልሼ ስብርባሪውን በካርቶን አፈስኩ፤ ወለሉን በእርጥብ ወረቀት ጠረግኩ። ግን ስብርባሪው የሚታሸግበት ክዳን ያለው ጠርሙስ ከየት ይምጣ?

«አልጋዬ ሥር!» አሉ እማማ በመስኮት። «ይጠቅማል ስል ትስቁብኝ የለ!»

ጠርሙሱን ሳወጣ አጠገቡ አንድ ከረጢት ሙሉ አምፖል አገኘሁ። ልጄ ነገ ተነገ ወዲያ በዚያ ክፍል ልትድህ ነው። «ይሄ ከቤት ይውጣ» ስል ፊታቸው ጠቆረ።

«አሮጌ ነገር ሁሉ ይጣል በይኛ። ቀጥሎ ተራው የኔ ነው።»

አንጀቴን በሉት።

«ማን ይጣል አለ? ቆሻሻ ላይ መጣሉማ ጭራሽ አይሆንም! አምፖል የሚሸጠው ሱቅ ያረጀውን ይቀበላል፤ መስታወቱም ብረቱም ተለይቶ እንደገና ይሠራበታል።»

ዓይናቸው በራ። «እንዲያ ከሆነማ… ይጠቅማላ!»

በማግስቱ እያንዳንዷን በጨርቅ ጠቅልለው ራሳቸው አደረሱ። አሁን አምፖል ይዞ ገንዳ አጠገብ የተገኘ ጎረቤት አለቀለት፤ «ምነው ልጄ፣ የሚጠቅም ነገር ይጣላል?» ብለው ይቀሙታል።

ከልጄ አልጋ በላይም የጨርቅ ወፎች ይወዛወዛሉ፤ ከቀሚሴ የሰፉላት ናቸው። ቀሚሱን ግን ልጥለው አላሰብኩም ነበር።