ኮምፒዩተር ያሳረፈው ጭን

ጎረቤታችን ጓድ ወልደገብርኤል ነገሌ ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ። በ1976ቱ የአብዮት በዓል ግራ እጃቸውን ከጓዶቻቸው ሁሉ ከፍ አድርገው ለማንሣት ሲንጠራሩ፣ ከመድረኩ ወደ ኋላ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። መሥሪያ ቤቱ «በግዳጅ ላይ ሳሉ» ብሎ ምሥራቅ ጀርመን ላካቸው። እዚያ የተሰበረውን አውጥተው የብረት ዳሌ ተከሉላቸው። የብረቱ እግር ጭን አጥንታቸው ውስጥ ጠልቆ ይገባል።

ሲመለሱ በመስታወት የተከበበ ሥዕል ይዘው መጡ። የጭናቸው አጥንት ነው፤ እንደ ወንፊት በጥቃቅን መስመር የተከፋፈለ፣ አንዳንዱ ቦታ የደመቀ፣ ከላይ በኩል ደግሞ የጠቆረ። ሳሎን ውስጥ ከማጭድና መዶሻው ጎን ሰቀሉት።

«ኮምፒዩተር ነው ያሰላው» ይላሉ ለገባ ሁሉ። «ሸክሙ የት እንደሚያርፍ ያሳያል። የደመቀው የሚሸከመው ነው። የጠቆረው ያረፈው ነው። እዩ፣ ብረቱ ይሸከማል፣ አጥንቴ ያርፋል። ሳይንስ ነው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእንግዳ መነሣት ቀረ። ባለቤታቸው እትዬ ደስታነሽ ወንበራቸውን ጡብ ላይ አስቀመጡላቸው፤ ጓድም ከዚያ ላይ ሆነው ሁለት ጣት ለሰላምታ ይዘረጋሉ። ሽማግሌ ቢገባ፣ ቄስ ቢገባ፣ «ይቅርታ፣ ኮምፒዩተር ከልክሎኛል» ነው።

አንድ ቀን የከብት ደላላው አቶ ሶራ ሥዕሉን ትክ ብለው አዩና፣ «ጓድ፣ ግመል ተንበርክኮ ከከረመ እንኳን ጭነት፣ ራሱንም አያነሣም» አሉ።

«ሶራ፣ ያንተን ግመል ኮምፒዩተር አይቶታል?»

«አላየውም። ለዚህ ነው የሚሄደው።»

እኛ የጎረቤት ሴቶች ሻሻችንን አፋችን ላይ አድርገን ሳቅን።

ዓመት ሳይሞላ ጭናቸውን ያማቸው ጀመር። ከአልጋ እስከ በር መሄድ አቃታቸው። እግሬ ሊቆረጥ ነው ብለው አለቀሱ፤ ያን ጊዜስ እኔም አዘንኩ። ከአዲስ አበባ የአጥንት ሐኪም መምጣቱ ሲሰማ በመኪና ሆስፒታል ወሰድናቸው። እትዬ ደስታነሽ ሥዕሉን በነጠላ ጠቅልለው ያዙ።

ሐኪሙ ራጁንና ሥዕሉን ጎን ለጎን አድርጎ አየ።

«ይሄ የጠቆረው እኮ ማስጠንቀቂያ ነው» አለ። «ብረቱ ሸክሙን ቀምቶታል። ሥራ የፈታ አጥንት ደግሞ ይሳሳል። ይራመዱ አላሉዎትም?»

«ብለዋል» አሉ ጓድ ቀስ ብለው። «ለተራው በሽተኛ መስሎኝ ነው።»

«እንግዲህ ቶሎ ቶሎ ተነሥተው ይቁሙ፣ ይራመዱ። አለዚያ አጥንቱ ይሰበርና ሌላ ብረት የምንተክልበት ቦታ እናጣለን።»

ይህን እትዬ ደስታነሽ ለጨርቅ ነጋዴዋ ለሸምሳ ነገሯት። ለሸምሳ መንገር ለገበያ መንገር ነው።

በማግስቱ ሸምሳ በር ላይ ብቅ ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ አቀረበች። «አካም፣ ጋሼ! ናጋ?»

ጓድ ወንበሩን ተደግፈው ብድግ ማለት ጀመሩ። በወጉ እንግዳ «በፈጣሪ፣ አይነሡ» ይላል። እሳቸው ግማሽ ላይ ቆመው «በፈጣሪ» የሚለውን ጠበቁ። ሸምሳ ግን የነጠላዋን ጥለት አስተካከለች። ወገባቸው እስኪቃና ጠበቀችና፣ «አሁን ይቀመጡ» አለች። ትንሽ ቆይታ ወጣች፤ ወዲያው «ጥላዬን ረስቼ» ብላ ተመለሰች። ደግመው ተነሡ።

ከዚያ ማን ይቅር! በቢሯቸው ደጃፍ ቆሞ የዋለ፣ «ነገ ና» የተባለ ሁሉ ሊጠይቃቸው መጣ። አቶ ሶራ ዱላቸውን አውቀው ሳሎን እየተዉ ይመላለሳሉ። «በፈጣሪ» የሚል አንድ ሰው ጠፋ። ጓድ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «እናንተ ሰዎች፣ ሥራ የላችሁም?» ይላሉ።

«የእርስዎን አጥንት ሥራ ልናስይዝ ነው» ትላለች ሸምሳ።

ዛሬ ከዘራቸውን ይዘው እስከ ገበያ ይሄዳሉ። ሐኪሙም በሁለተኛው ራጅ አጥንቱ መሳሳቱን አቁሟል አላቸው። ብቻ መነሣቱ ልማድ ሆኖባቸዋል፤ ባለፈው ሳምንት የጎረቤት ፍየል ሳሎን ስትገባ፣ ጓድ ብድግ ብለው ቆመው አግኝተናቸዋል።