የማትምለው ምስክር

የልጅ ልጄ ከሥራ የተባረረችው በሂጃቧ ነው። ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ዓሣ ትጠብስ ነበር። ዓሣ ደግ ነገር ነው፤ እንደ በግ «ማን አረደው?» አይባልበትም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ሳህን ያነሣዋል። ይህን ሳስበው ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ። የግሸን ተሳላሚ በአውቶቡስ እየመጣ በሚያድርበት ሰሞን አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተቀጠረ። ማዕድ ቤት ገባና፣ «ይሄን ከራስሽ ላይ አውልቂ፤ ካልሆነ ነገ እንዳትመጪ» አላት። አላወለቀችም። በማግስቱ ዘበኛው ከበር መለሳት።

ከዚያ ወዲህ የዓረብ አገር ወሬ ጀመረች። እናቷ ወደዚያው ሄዳ ድምጿ ብቻ ነው በስልክ የሚመጣልን፤ ልጅቷን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። «እምዬ፣ እዚህ ቁጭ ብዬ ምን ልሁን?» ትለኛለች። ሥራዋ ከተመለሰላት ትቀራለች፤ ካልተመለሰላት ትሄዳለች። ነገሩ ይኸው ነው።

ለድሃ በነጻ የሚሟገቱ የሕግ ሰዎች ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ አሉ ሲሉኝ ይዣት ሄድኩ። ጠበቃዋ ወጣት ናት፤ ወንበሯን ለኔ ለቃ እሷ ቆመች።

«እማማ፣ ሰውን በሃይማኖቱ ከሥራ ማባረር በሕግ ክልክል ነው» አለችኝ።

«ከተከለከለ ታዲያ እንዴት ተባረረች?»

ሳቀች። «ሕጉ ማዕድ ቤት ገብቶ አይቆምማ፤ ሄደን እኛ ነን የምንጠራው።»

ክሱ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ግን «እያረፈደች ስላስቸገረችኝ ነው» ብሎ መለሰ። ጠበቃዋም ያን ቃል ከአፉ የሰማ ሰው አምጡ አለችን።

የሰማችው አንዲት ናት፤ ያን ጊዜ አጠገቧ ሽንኩርት ስትከትፍ የነበረች የጎረቤቴ ልጅ። ጎረቤቴ ክርስቲያን ናት። በፋሲካ ለእኛ ብለው አንዱን በግ በባሌ እጅ ያሳርዱ ነበር፤ አላህ ይዘንለትና። በዒድም እኛ ለእነሱ እንዲሁ። ልጆቹን ያሳደግናቸው የማን እንደሆኑ ሳንለይ ነው።

ልጅቱ ገና ሳልጠይቃት፣ «እመሰክራለሁ! የራሱን በራ በኮፍያ ሸፍኖ የሰው ሂጃብ ያስወልቃል!» ብላ አሳቀችን።

«አንቺንም ቢያባርርሽስ?» አልኳት።

«ያባርረኛ! ዓሣውን ራሱ ይጠብሰው።»

እናቷ ግን አልሳቀችም። «ትመስክር፤ እውነት ነው። መማል ግን አትምልም» አለች።

እንግዳ ሰው ይህን ቢሰማ ይገርመው ይሆናል። በእኛ አገር መሐላ የሚፈራው ለውሸት ብቻ አይደለም። የጎረቤቴ ወንድም በድንበር ክርክር እውነቱን ይዞ ማለ፤ መሬቱንም አገኘ። ዓመት ሳይሞላው ልጁን ቀበረ። አገሩ ሁሉ «መሐላው ነው» አለ። እኔም ለቅሶው ላይ ተቀምጬ ያንኑ ብያለሁ።

ጠበቃዋ ብዙ ደከመች። «መጽሐፉን መንካት የለባትም፤ እውነቱን ለመናገር ቃል ትግባ፣ ይበቃል» አለቻት።

«እጅ ባይነካ አፍ አልማለም?» አለች ጎረቤቴ።

ይሄኔ ጠበቃዋ ወደኔ ዞረች። «እርስዎ ይንገሯት እንጂ እማማ፤ እርስዎን ትሰማለች።»

ትሰማኛለች፤ ወላሂ ትሰማኛለች። ግን ምን ልበል? ትማል ብዬ አንድ ነገር ቢደርስባትስ? አትማል እንዳልል የልጅ ልጄ ዓይን ዓይኔን ታያለች። አንዱንም ሳልላት ተነሣሁ።

የቀጠሮው ቀን የጎረቤቴ ልጅ ነጠላዋን አጣፍታ ዳኛው ፊት ቆመች።

«እውነቱን ለመናገር ማይ» አላት ዳኛው።

«እውነቱን እናገራለሁ ጌታዬ።»

«እሱን ነው የምትምይው።»

«እናገራለሁ እንጂ አልምልም።»

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። ዳኛው አልሳቀም፤ ታግሦ እንደገና አስረዳት፤ መማል ካልፈለገች ቃል ብቻ እንድትገባ ለመናት ማለት ይቻላል። እናቷን አየች፤ እናቷ መሬት መሬት ታያለች። እኔን አየች። እኔም እንደ እናቷ አቀረቀርኩ። «እንዲህ ከሆነ ቃልሽን አልቀበልም» ሲላት፣ የምትለው ሁሉ በአፏ ሞልቶ እያለ ወርዳ አጠገቤ ተቀመጠች። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ይነካካል።

ከዚያ በኋላ «አልተረጋገጠም» ተብሎ ተፈረደ። ጠበቃዋ በረንዳው ላይ ተከትላን ወጥታ ስለ ይግባኝ አወራችን። «ግን ያለ ምስክር…» ብላ ሳትጨርሰው ቀረች።

«ይብቃ እህቴ፣ የቻልሽውን አድርገሻል» አለቻት የልጅ ልጄ። ድምጿ እንደ ትልቅ ሰው ነበር።

ሁለቱ ልጆች ተቃቅፈው ከፊት ከፊት ሄዱ። ፓስፖርት የት እንደሚወጣ ሲነጋገሩ ይሰማኛል። አትሂጂ ልላት አሰብኩ፤ ቅሪና ምን ሁኚ ልበላት?

ጎረቤቴ ነጠላዬን ያዝ አደረገችኝ። «ተቀየምሽኝ ወይ እታለሜ?»

«አልተቀየምኩሽም» ብላት ውሸት ነው። «ተቀይሜሻለሁ» ብላትም ውሸት ነው። በእሷ ቦታ ብሆን እኔስ ልጄን አስምል ነበር?

«ዱዓ አድርጊላት» አለችኝ።

«አንቺም ተሳይላት» አልኳት።