ረጅሙ እጅጌ

ጠዋት ጠዋት አውቶቡሱ ውስጥ ከሾፌሩ ጀርባ የሚቀመጡ አንዲት አሮጊት አሉ። ሹራብ ሲሠሩ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነው፤ ጣቶቻቸው ጠባቂ አይሹም። ካፖርታቸው ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ የያዙት ቢጫ ክር ግን ገና ከሱቅ የወጣ ነው።

ዛሬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሹራቡ የሕፃን ነው፤ እጅጌው ግን ወርዶ ወርዶ ጉልበታቸው ላይ ተኝቷል።

"እማማ፣ አልረዘመም?"

"ለልጅ ልጄ ነው። ሩቅ ናት፤ እስኪደርሳት ታድጋለች።" እጅጌውን በገዛ ክንዳቸው ለኩት። "አይቻት አላውቅም። እኔን ወጥታ እንደሆነ ክንዷ ረጅም ነው።"

ሬዲዮው ላይ አንድ ምሁር ከሌላ ኮከብ ስለሚመጡ ፍጡራን ይናገራል። እኔ እንዲህ ያለ ወሬ አልወድም፤ ሰውዬው ግን ደህና አስረዳ። የቱንም ያህል ቢሠለጥኑ መንገዱ ከዕድሜያቸው ሳይረዝም አይቀርም፤ ያኔ የተነሳው አይደርስም፣ የሚደርሰው መንገድ ላይ የተወለደው ነው አለ።

ሾፌሩ ሳቀ። "ታዲያ የትኛው ሞኝ ይነሳል? እማማ፣ እርስዎ ቢሆኑ ይነሱ ነበር?"

"ምን ከልክሎኝ!"

"እንደማይደርሱ እያወቁ?"

በመስታወቱ እንዲያይ እጅጌውን ከፍ አደረጉለት።

"ለሚደርሰው ልጅ እንዲበቃው አስረዝሜ እሠራለሁ እንጂ፣ የኔ ልጅ።"

ሾፌሩ በመስታወቱ እጅጌውን ደግሞ አየው። እኔም ስወርድ፣ ልማዴ ሳይሆን፣ ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። እኚህን የመሰሉ አሮጊት ያሉበት ኮከብ ካለ፣ እንግዳ መምጣቱ አይቀርም።