ፋንታዬ ግንቡን ያስጎበኘችን ቀን

ከማክሰኝት ጎንደር ሩቅ አይደለም። ሚኒባሱ በየመንገዱ ሰው እያወረደና እየጫነ ቢሄድ እንኳ ቁርሱን በልቶ የወጣ ሰው ሳይርበው ይደርሳል። እኔ ለመድኃኒት ቤታችን ዕቃ ለማምጣት በየወሩ እመላለሳለሁ። አባቴም በከብት ንግድ ሰበብ ስንት ጊዜ እንደሄደ እሱም አያውቀው። ይሁንና ሁለታችንም የፋሲልን ግንብ ከአጥሩ ማዶ እንጂ ከውስጥ አይተነው አናውቅም ነበር። ጥር አጋማሽ ላይ በማለዳ የተነሣነው ግን ለግንቡ ብቻ ብለን አይደለም። ታናሽ እህቴ ፋንታዬ አስጎብኚ ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ እንግዳ ይዛ የምትገባበት ቀን ስለነበር ነው።

ይኼ ለእኛ ቤት ቀላል ነገር አልነበረም። ፋንታዬ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትናገር ቃል ይይዛታል። ከሁሉ የምትከብዳት ደግሞ «ፋ» ናት፤ የገዛ ስሟ የሚጀምርባት ፊደል። አባታችን በበኩሉ የከብት ደላላ ነው። ማክሰኝት ገበያ ላይ አያ ታደለን የማያውቅ የለም፤ ሻጭና ገዢ ተኮራርፈው ሲለያዩ ከኋላ ጠርቶ እጅ ለእጅ የሚያጨባብጣቸው እሱ ነው። ፋንታዬን ቃል በያዛት ቁጥርም ከአፏ ተቀብሎ ይጨርስላታል። ክፋት አልነበረበትም። ልጁ ስትቸገር ማየት አይሆንለትም ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ «አስጎብኚ እሆናለሁ» ስትል ግን ተቆጣ። «በምላስ የሚበላ እንጀራ ምን እንደሚመስል እኔ አውቀዋለሁ። ሰው ይስቅብሻል» አላት። እሷ ግን ለአስጎብኚነት ፈቃድ ተመዘገበች። የፈቃዱን የቃል ፈተና አንዴ ወደቀች፤ ደግማ ተፈተነችና አለፈች። አባቴ ይኼን ሲሰማ «እሰይ» ብሎ ወሬውን ወደ በሬ ዋጋ መለሰው።

ከጉዞው በፊት በነበረው ቀን ስልክ ደወለችልኝ። «ነገ እንግዶች አሉኝ። አባቴን ይዘሽው ነይ። ግን አ... አንድ ነገር ንገሪልኝ። ቃል ሲይዘኝ አይጨርስልኝ።»

መልእክቱን አደረስኩ። አባቴ ጢሙን ሲያሻሽ ቆየና፣ «እሺ፤ ግን ይኼን አፍ በምን ልስፋው?» አለ።

መንገድ

ጎህ ሲቀድ መናኸሪያው ደረስን። ብርዱ አጥንት ይነካል። የገበያ ቀን ስለነበር ከብት የሚነዱ ሰዎች በተቃራኒው እየገቡ ነበር፤ ብዙዎቹ አባቴን እያዩ በመገረም ቆም ይላሉ። የገበያ ቀን ትቶ ሲሄድ እኔም አይቼው አላውቅም። አዲሱን ኮቱን ለብሷል፤ ጋቢውን በላዩ ደርቧል፤ ዱላውን ይዟል።

ከጎናችን እሸት ሽምብራ በኩርቱ ፌስታል የያዘች የሰፈራችን ሴት ተቀመጠች። «አያ ታደለ፣ ምነው ዛሬ ከገበያ ቀሩ?» አለችው።

«ልጄ ግንቡን ልታስጎበኘን ነው።»

«የትኛዋ ልጅዎ?»

«ትንሿ።»

ሴትየዋ «ያቺ...» ብላ ጀመረችና ዝም አለች።

«አዎ፣ ያችው» አለ አባቴ። ቀጥሎ ከሽምብራው አንድ እስር እንድትሰጠው ጠየቃትና እየፈለፈለ ወደ መስኮቱ ዞረ።

የጤፉ ማሳ ታጭዶ ገለባው በየደጁ ተከምሯል። ጠዳን አለፍን። ኬላው ላይ ወርደን ተፈተሽን፤ መታወቂያ አሳየን፤ ተመልሰን ገባን። አዘዞ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። ከመጠምዘዣው በላይ የግንቦቹ ጫፍ ብቅ ሲል አባቴ ሽምብራውን ተወና አንገቱን አስግጎ ያይ ጀመር። ያንን ግንብ ዕድሜውን ሙሉ ከዚያው መንገድ ላይ ሲያየው ኖሯል። የዚያን ቀን ግን ልክ ሊገዛው የመጣ ይመስል አተኩሮ ነበር የሚያየው።

ፒያሳ ወርደን ሻይ በፓስቲ ቀመስን። አባቴ አንዱን ፓስቲ እንኳ አልጨረሰም።

ግንቡ በር ላይ

ፋንታዬ ከትኬት መቁረጫው አጠገብ ቆማ አገኘናት። አረንጓዴ ጃኬት ለብሳ የአስጎብኚነት መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። የአባቴን ጉልበት ሳመች፤ እሱ ቀና አድርጎ ግንባሯን ሳማት። 

እንግዶቹ ለሠርግ የመጡ የአንድ ቤተሰብ ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ መካከል ሁለቱን አልረሳቸውም። አንደኛው ከአዲስ አበባ የመጣ ባርኔጣ ያደረገ የሥራ ተቋራጭ ነው። ሌላዋ ከአዲ አርቃይ የመጡት አክስቱ እትዬ ዝማም ናቸው፤ እንደ እኛው ግንቡ ውስጥ ገብተው የማያውቁ። በማለዳ የመጡት ከሰዓት በኋላ ቅልቅል ስላለባቸው ነበር።

ገባን። ውስጡ ከውጭ ከሚገመተው በላይ ሰፊ ነው። ሣሩ ላይ ጤዛ አለ፤ ከእኛ በቀር ጎብኚ የለም፤ ርግቦች ከግንብ ወደ ግንብ ይበራሉ። ፋንታዬ እንግዶቿን ተቀበለች፤ ስለ አጥሩና ስለ አሥራ ሁለቱ በሮች ተናገረች። አንዴ ሁለቴ ቆም ብትልም ማንም ልብ አላለውም። ልቤ መለስ አለ።

ትልቁ ግንብ ፊት ስንቆም ግን ያ የፈራሁት መጣ።

«ይኼን ግንብ ያሠሩት አፄ ፋ...» አለችና ቆመች። «ፋ... ፋ...» የአንገቷ ሥር ተገተረ። ዓይኗን ጨፈነች። ከእንግዶቹ አንዱ ወጣት ወደ ስልኩ አቀረቀረ። አባቴን አየሁት፤ አፉ ተከፍቷል። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ እንደነበር አውቃለሁ። በሁለት እጁ ዱላውን ጨበጠና አፉን ገጠመ።

ባለ ባርኔጣው ሰው ግን «ፋሲለደስ!» አለላት።

ፋንታዬ ዓይኗን ገለጠች። ፊቷ ቀልቷል፤ ነገር ግን አላቀረቀረችም። «አመሰግናለሁ ጋሼ» አለች። «እ... እኔን ቃል ይይዘኛል። ትንሽ ስትጠብቁኝ ይወጣል። እኔው ልበለው።»

 ርግቦቹ ብቻ ይሰማሉ። እሷ ተንፈስ ብላ እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ያዛት፤ ከዚያ ወጣ። «ፋሲለደስ» አለች። ቀጥላም ከመጀመሪያው ይልቅ ረጋ ብላ፣ በአራቱ ማዕዘን ስለቆሙት እንቁላል መሰል ጉልላቶች፣ በመስኮቶቹ ዙሪያ ስለዞረው ቀይ ድንጋይ፣ ኖራው እንዴት እንደሚቃጠልና እንደሚላቆጥ ነገረችን። እኔ የሰማሁት ግማሹን ነው። ሌላውን ጊዜ አባቴን ሳይ ነበር።

ሥራ ተቋራጩ ግድግዳውን በዓይኑ ሲለካ ቆይቶ፣ «ይኼን እኮ የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው ይባላል» አለ። በክፋት አልነበረም፤ የሰማውን ነው።

«ይባላል» አለች ፋንታዬ። «ግን ከፖርቱጋሎቹ ጋር የነበሩትን ሚሲዮናውያን ከአገር ያስወጡት ራሳቸው አፄ... ፋ... ፋሲለደስ ናቸው። የውጭ ሰው እጅ ጨርሶ የለበትም አልልዎትም። ከህንድ የመጣ ግንበኛ እንደነበረ የሚጽፉ አሉ። ድንጋዩን የጠረበው፣ ኖራውን ያቃጠለው፣ ተሸክሞ እዚያ ላይ ያወጣው ግን የዚህ አገር ሰው ነው። እስኪ በእጅዎ ይንኩት።»

ሰውዬው ባርኔጣውን በግራ እጁ ይዞ ቀኝ መዳፉን ግድግዳው ላይ ጫነ። በጥፍሩ ኖራውን ሞከረው። «ዛሬ እኛ የምንሠራው ይኼን ያህል ቢቆይልን» አለ በዝግታ። እትዬ ዝማምም ተጠግተው ድንጋዩን ሳሙት።

የቆምኩበት መሬት ከፍ ያለ መሰለኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ጎንደር ዘመን ተምሬ ፈተና አልፌአለሁ። እንዲህ ደረቴ ሲሞላ ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከግንቡና ከእህቴ በየትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

ከግንብ ወደ ግንብ

ከዚያ የጻድቁ ዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት፣ ጣሪያውን የመሬት መንቀጥቀጥና የጦርነት ቦምብ የወሰዱትን የአድያም ሰገድ ኢያሱን ግንብ፣ የአንበሶቹን ቤት፣ የበካፋን ግብር ቤት አየን። ፀሐይዋ ሞቀች። አባቴ ጋቢውን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝ።

የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ዘንድ ስንደርስ ዱላውን ከፍ አደረገ። ገበያ ላይ ጨረታ ሲያስቆም እንዲህ ነው የሚያደርገው። እንግዶቹ ሁሉ ዞሩ።

«እመቤቴ አስጎብኚ» አለ፤ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

ፋንታዬ ደነገጠች። አባታችን እንኳን እሷን፣ ወረዳ አስተዳዳሪውንም አንቱ ብሎ አያውቅም። «ይጠይቁኝ» አለችው ዓይን ዓይኑን እያየች።

«በአንድ ግቢ ይኼን ያህል ግንብ ምነው ደረደሩት? የአባት ቤት ለልጅ አይበቃም ኖሯል?»

ጥያቄው ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከግንቡ ብቻ እንዳልመጣ ግን ገባኝ። ፋንታዬ ለመመለስ አፏን ከፈተች፤ የመጀመሪያው ቃል ያዛት። ረጅም ነበር። እንግዶቹ ጠበቁ፤ አሁን ለምደዋል። አባቴ ራሱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ በሁለት እጁ ዱላው ላይ ተደግፎ፣ የትም የማይሄድ ሰው ሆኖ ጠበቀ። እኔ ሠላሳ ዓመት ሳውቀው አንድ ሰው እስኪናገር ድረስ እንዲህ ሲጠብቅ አላየሁትም።

«ሁሉም የ... የየራሱን አሻራ ማኖር ፈለገ» አለች በመጨረሻ። «ግን አባቱ የሠራውን አላፈረሰም። አጠገቡ ሠራ።»

አባቴ ጥቂት አሰበና፣ «ሸጋ መልስ ነው» አለ። «ይቀጥሉ።»

እሷም ቀጠለች። 

በሩ ላይ ስንለያይ እትዬ ዝማም ሁለቱን ጉንጮቿን ይዘው መረቋት። ባለ ባርኔጣው ሰው ስልክ ቁጥሯን ተቀብሎ፣ «ነገ የቀሩት ሠርገኞች አሉ፤ አንቺው አስጎብኚያቸው» አላት። አባቴ ይኼን ሲሰማ ወደ ግድግዳው ዞሮ በኮቱ እጅጌ ዓይኑን ጠረገ። ብናኝ ገባብኝ አለ።

ፋሲል መዋኛ

ከፋንታዬ ጋር ምሳ ቅቅል በላን፤ አባቴ ጠዋት ያጣውን የምግብ ፍላጎት በአንድ ማዕድ አካካሰው። ከዚያ የባጃጁን ልጅ እስኪስቅ ድረስ በዋጋ ተከራክሮ ወደ ፋሲል መዋኛ ወሰደን። ጥምቀት ካለፈ ገና ሳምንት አልሞላም፤ ውኃው አልተለቀቀም፤ ቅጠል ተንሳፎበት ጸጥ ብሏል። የዛፎቹ ሥሮች የአጥሩን ድንጋይ እንደ ጣት ጨብጠውታል።

ሥሩ ላይ ሦስታችንም ተቀመጥን።

«ሲይዝሽ ፈራሽ?» አላት አባቴ።

«ፈራሁ እንጂ።»

«እኔም ፈራሁ። ያ ባለ ባርኔጣ ሲቀድመኝ በዱላ ላጎነው ነበር።»

ፋንታዬ ሣቀች። እስክትጠግብ ሣቀች። ከዚያ እሱ ስለ በካፋ ጠየቃት፤ እሷ ደግሞ ትነግረው ጀመር። በመሃል ሲይዛት አባቴ ውኃውን ያያል። ሲወጣላት ወደ እሷ ይመለሳል። እኔ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ፀሐይ ላይ ዘርግቼ ሰማኋቸው። ያ ቀን እንዳይመሽ ተመኘሁ።

መልስ

ፋንታዬ ማራኪ ሰፈር ወዳለው ኪራይ ቤቷ ስትሄድ እኛ ሚኒባስ ያዝን። አባቴ ከአጠገቡ ለተቀመጠው ወታደር፣ ከፊቱ ለተቀመጡት ተማሪዎች፣ በኋላም ለረዳቱ፣ ስለ ጉልላቱና ስለ ኖራው አስረዳ። አንዱን ንጉሥ ከሌላው ቀላቀለ፤ እኔም አላረምኩትም። «እርስዎን ማን አስጎበኘዎት?» ሲሉት ደረቱን ነፍቶ «ፈቃድ ያላት ባለሙያ» ይላል። ቆይቶ ነው ልጁ መሆኗን የሚናገረው፤ ልክ እንደ ጥሩ ደላላ ትልቁን ነገር ለመጨረሻ እያቆየ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ብዙ አይደለም። ደጃችን ላይ ያለውን ግንብ ለማየት ይኼን ያህል ዓመት መፍጀታችን አስገርሞኛል። እህቴ ያለ ማንም እርዳታ እስከ መጨረሻ ስትናገር የሰማኋትም የዚያን ቀን ነው፤ ስትጨርስ የምትለው ነገር እኛ ስንጨርስላት ከኖርነው ሁሉ ይበልጣል።

ቤት ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ስለ ግንቡም ስለ መንገዱም አልጠየቀችም። የአባቴን ኮት እጅጌ ይዛ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አልያዛትም?»

«ያዛት እንጂ» አለ አባቴ። «ሰዉ ቆሞ ጠበቃት።»