የለቅሶው ሸራ

ልጆቹ ናቸው ይንገሩን ያሉኝ። ለጥምቀት ከየከተማው መጥተው ቤቱን ሞልተውታል። ትልቋ የልጅ ልጄ ስልኳን ፊቴ ላይ ደቅና፣ «እምዬ፣ ያለ ሲቪ፣ ያለ ኢንተርቪው ሥራ የተቀጠሩበትን ሰሞን ይንገሩን፣ እኔ እጽፈዋለሁ» ብላ ሌሎቹን አሳቀቻቸው። ሲስቁ ደስ ይለኛል። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። እኔ በተፈጥሮዬ ቁጡ ሰው አይደለሁም፤ ዶሮ እንኳ «እሽ» የምለው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። ያን ሸራ ሳስብ ግን እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል።

አገሬ ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለው ገጠር ነው። ባለቤቴ ሲያርፍ መሬቱን ለወንዱ ልጄ ትቼ ፍኖተ ሰላም ሴቷ ልጄ ቤት ገባሁ። ልጄም ባሏም ደጎች ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን በልጅ ቤት ሰው እንግዳ ነው። ወንበር ያቀርቡልሻል፣ ትቀመጫለሽ። ልነሣ ስትይ «ይቀመጡ እንጂ!» ይሉሻል። መቀመጥም እኮ ይደክማል።

የዚያን ዓመት ገና ግን የሚቀመጥ አልነበረም። የቡሬ ዘመዶቼ በርበሬ በማዳበሪያ አስጭነው መጡ፤ በርበሬው ሲራገፍ ቤቱ በሙሉ አስነጠሰ፤ አማቼ ከነክራቫቱ ደጅ ወጥቶ ቆመ። በግ ታረደ፣ እንግዳ ተሸኘ፣ ሌላ እንግዳ ተተካ። በማግሥቱ የእድራችን ዕቃ ጠባቂ ሴትዮ መጡ። ባሕር ዳር ልጃቸው ጋ ሊኖሩ መሄዳቸው ነበር።

«እትዬ፣ እርስዎ መቀመጥ አይችሉም፤ አይቼዎታለሁ» አሉኝ። «ዕቃ ቤቱን ይያዙልኝ።»

እድራችን የሴቶች ነው። ሰው ሲሞት የወንዶቹ እድር መቃብሩንና ቀብሩን ይይዛል፤ የኛ ደግሞ ሸራውን፣ አግዳሚውንና ምግቡን። ትርፍ ዕቃው ለሠርግም ይወጣል። አንዱ ሸራ ግን፣ ከሁሉ አዲሱ፣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ የተሰፋበት፣ የለቅሶ ነው። ሴትዮዋ እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝና፣ «ይህ ከዚህ ቤት የሚወጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ንጉሥ ቢመጣ እንዳይሰጡ» አሉኝ።

ቁልፉን ከማተቤ ጋር አሰርሁት። ገበያ ስሄድ እየዳበስሁት ነው የምሄደው። በዚህ ዕድሜ ሥራ መጀመር ምን እንደሆነ እናንተ አታውቁትም፤ እናንተ ሥራ የምትለቁት በየወሩ ነው። የገና ዕቃ ሲመለስ ብርጭቆው ጠላ እንደ ደረቀበት፣ አግዳሚው እግሩ ወልቆ መጣ። አጠብሁ፣ አስጠገንሁ፣ ተቆጣሁም። ሰዎቹ «አዲሷ ክፉ ናት» ይሉ ጀመር። ደስ አለኝ።

ከተራ ሲሆን ታቦት ላጅብ ወረድሁ። ልጄ የገዛችልኝን አዲስ ጫማ አድርጌ ነበር፤ አንዱ ጭቃው ውስጥ ቀረና አንድ እግሬን ባዶ ይዤ ከሴቶች ጋር እልል እያልሁ ሄድሁ። የጠፋውን ያገኘችልኝ አንዲት መነኩሲት ናት፤ አንድ እግሬን ባዶ አድርጌ ስለ ሄድሁ «እኅቴ፣ ስእለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ይኼንን ሌላ ቀን እነግራችኋለሁ። ወደ ሸራው ልመለስ።

በሚካኤል ማግሥት ዕቃ ቤቱን ከፈትሁ። ቁልፉ አልተሰበረም፣ በሩ እንዳለ ነው። ባለ ሰማያዊ ጠርዙ ሸራ ግን የለም። ሁለተኛ ቁልፍ ያላት አንዲት ሴት ናት፤ የእድራችን ሰብሳቢ፣ የሰፈሩ ወፍጮ ቤት የሷና የባሏ የሆነ። ለእሑድ ሴት ልጇን ትድራለች። እኔ ታቦት ሳጅብ እሷ ዕቃ ቤት ከፍታ የለቅሶ ሸራ ትወስዳለች!

እንዳለሁ ሄድሁ። ግቢው ሽንኩርት በሚልጡ ሴቶች ተሞልቷል። ሰብሳቢያችን ዕድሜዋ የልጄ ነው፤ ግን ሰብሳቢ ናትና አንቱ ነበር የምላት።

«የወሰዱት ሸራ የለቅሶው ነው» አልኋት።

«አውቃለሁ እትዬ። ሌሎቹ ቀዳዳ ናቸው። የሙሽራው ዘመድ ከቡሬ መጥቶ ቀዳዳ ሸራ ሥር ይቀመጥልኝ?»

«ሰው ቢሞትስ?»

ወደ ሴቶቹ ዘወር አለችና፣ «በጥር ማን ይሞታል? ሰው ሁሉ ሠርግ ላይ ነው! ሞትም ከመጣ እዚሁ ይምጣ፣ ወጥ ሞልቷል፣ እናበላዋለን!» አለች።

ሴቶቹ ሳቁ። ሽንኩርቱ ያስለቀሳት አንዷ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች ሳቀች። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ወጣሁ። ቤት ገብቼ እህል አልቀምስ አልሁ። ልጄ፣ «እማዬ፣ ሥራውን ገና ሳይለምዱት ከሰብሳቢ ጋር አይጋጩ» አለችኝ። እሷም መሥሪያ ቤት ውላ ስለምትመጣ ዓለም ሁሉ መሥሪያ ቤት ይመስላታል።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ከአጥራችን ወዲያ ጩኸት ሰማሁ። ጠላ ሻጯ ጎረቤታችን ናት። ባሏ ባለ ጋሪ ነበር፤ ታሞ ከርሞ ያን ጠዋት ዐረፈ። ከሰብሳቢዋ ግቢ እስከ እሷ ቤት ሩቅ አይደለም። እዚያ ሞንታርቦው ይጮኻል፣ እዚህ ሬሳ ይገነዛል። ለቀስተኛው የግድግዳውን ጥላ ይዞ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ጥላው ሲሸሽ እሱም ይሸሻል። ከዚያ ጥላው አለቀ። የጥርን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፤ ብርድ የሚያስረሳ ነው። ባለቤቲቱ ነጠላዋን አናቷ ላይ ጥላ ባዶ ግቢዋ መካከል ቁጭ ብላለች።

ወደ ሰብሳቢዋ ሰው ልከን ነበር። የላከችው መልስ እንዲህ ነው፦ ሙሽራዋ እስክትወጣ ጡሩንባ አይነፋ፤ ሸራው ማታ ይመጣል።

ጠላ ሻጯ ሰማችው። ቀና ብላ አየችኝና፣ «ይተዉት እትዬ። እኛ ለፀሐይ አዲስ አይደለንም» አለች።

ይቺ ቃል ናት ከመሬት ያነሣችኝ። ሸራው የሷም ነው እኮ! ጠላ ሸጣ፣ ከልጆቿ አፍ ቀንሳ በየወሩ ያዋጣችበት ነው። ዛሬ ባሏ ሲሞት ያልወጣ ሸራ መቼ ሊወጣ ነው? ደጅ ላይ የሟቹ ጓደኛ፣ እሱም ባለ ጋሪ፣ ከነፈረሱ ቆሟል። ጋሪው ላይ ወጣሁ።

«ወዴት ልንዳ እማማ?»

«ሠርግ።»

«ዛሬ? ሠርግ?»

«ተጠርቻለሁ አይደል? ንዳ!»

ግቢው በእንግዳ ጢም ብሏል። የሙሽራው ወገን ገና ከቡሬ አልደረሰም፤ ሙሽራዋ ውስጥ ጓዳ ተቀምጣለች። ከእንግዳው በላይ ሸራችን ተወጥሯል። ቀና ብዬ ጠርዙን አየሁ። ሰማያዊው እንዳይታይ ዙሪያውን የፕላስቲክ አበባ በመርፌ ቁልፍ አያይዘውበታል።  ማወቋን አስቀድማ ነግራኛለች፤ መደበቋ ግን ሌላ ነው።

«እንኳን መጡ እትዬ! ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለች ሰብሳቢያችን። ወዲያው ጋሪውን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እባክዎ። የሙሽራው ሰዎች ሊደርሱ ነው፤ መንገድ ላይ ናቸው። ዛሬን ልጄን አያሳፍሩብኝ። ማታ በራሴ መኪና አመጣዋለሁ።»

«ማታማ ሰውየው ተቀብሮ ያልቃል።»

«ታዲያ ለሞተ ሰው ፀሐይ ምን ያደርገዋል?»

«አንች!» አልኋት። አንቱታው እዚያ ላይ ቀረ። «ፀሐይ ላይ ያለችው ሚስቱ ናት! እሷ መች ሞተች?»

ሞንታርቦው ቆመ። የጎረሰው ሁሉ እንደ ጎረሰ ቀረ። ሰብሳቢያችን ፊቷ ደም መሰለ። «ስልኬን! ፖሊስ እጠራለሁ!» ብላ ወደ ቤት ገባች። እኔም ወደ ምሰሶው ሄድሁ።

ባለ ጋሪው አንዱን ማዕዘን ሲፈታ እኔ ሌላውን ፈታሁ። እንግዳው ላይ ፀሐይ ወረደ። አንዱ ሽማግሌ፣ «እማማ፣ ወጡን እንኳ እንጨርስ!» አሉ። አጠገባቸው ያሉት፣ «ዝም ብለህ ጉረስ፣ ኃጢአት ላይ ነው የተቀመጥነው» አሏቸው። ሦስተኛው ተፈታ። አራተኛው ግን ከቤቱ ጋር ነበር የታሰረው፣ ከአንድ መስኮት ብረት ላይ፣ በናይለን ገመድ፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ። ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። በጥርሴ ያዝሁት፤ በቀሩት ጥርሶቼ።

«ኧረ ሴትዮዋ ሸራውን ልትበላው ነው! ኧረ ወጥ አቅርቡላት!» አለ አንድ ጎረምሳ ከሚዜዎቹ መካከል። ሳቁ። እኔን ባያዩኝ ኖሮ እንባዬ ይመጣ ነበር።

ባለ ጋሪውን ልጠራ ዞር አልሁ። ከኋላዬ ሸራው ዱብ ሲል ሰማሁ። ስመለስ የመስኮቱ መጋረጃ ይወዛወዛል፤ ገመዱ ተቆርጧል። አብዛኛው መስኮቱ ላይ፣ እጅ የማይሞላ ቁራጭ ብቻ ሸራው ላይ ቀርቷል።

አያችሁ ክፋት? ሸራውን መከልከል ቢያቅታቸው፣ ለቅሶ ቤት ሄዶ እንዳይወጠር ገመዱን ቆረጡብን! እንዲህ ነው ያሰብሁት። እንዲህ ብዬም ጮህሁ።  ሰብሳቢያችን ከቤት ስትወጣ ስልኳን ይዛለች፤ ግን አልደወለችም። ዝም ብላ አየችኝ። የጠገበ ሰው ዝምታ መሰለኝ። ሸራውን ጠቅልለን ጋሪው ላይ ጫንን። ከእንግዶቹ አንዳንዶቹ ተነሡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ከጋሪው ኋላ ተከተሉን።

ለቅሶ ቤቱ ግቢ ስንወጥረው አንዱ ማዕዘን አልደርስ አለ። መቀነቴን ፈትቼ ቀጠልሁበት። ባለ ጋሪው ጠርዙ ላይ የቀረውን የፕላስቲክ አበባ ሊነቅል እጁን ሲዘረጋ ጠላ ሻጯ «ተወው» አለችው። ጥላው እሷ ድረስ መጣ። ነጠላዋን ከአናቷ አወረደች፣ ቀና ብላ ሸራውን አየች፤ ያን ጊዜ ነው ድምፅ አውጥታ ባሏን በስሙ እየጠራች ያለቀሰችው። ጡሩንባውም ተነፋ።

ወሩ ሳይወጣ እድራችን ተሰበሰበ። ሰብሳቢያችን ተነሥታ፣ «ዕቃ ጠባቂያችን በልጄ ሠርግ ላይ አዋርዳኛለች፤ ቁልፉን ታስረክብ» አለች።

«አስረክባለሁ» አልሁ። «መጀመሪያ ገመዱን ያስቆረጠው ሰው ይነገረኝ።»

«እኔ አልቆረጥሁም። ቁረጡም አላልሁም። በልጄ ይሁንብኝ!»

«ልጅሽን በሐሰት አትጥሪያት!» አልኋት። ሴቶቹ አጉረመረሙ። አንዲት ሴት እንኳ አላመነቻትም። ጠላ ሻጯ በጥቁር ልብሷ ከኋላ ተነሣች። ብዙ አልተናገረችም፤ «ባሌ የተለቀሰለት ከዚያ ሸራ ሥር ነው። ቁልፉ ይቆይ» አለችና ተቀመጠች። ቁልፉ ቆየ። ሁለተኛውም ቁልፍ ከሰብሳቢዋ እጅ ወጥቶ እኔ አንገት ላይ ተጨመረ።

ግን አልበረደልኝም። ከሰብሳቢያችን ጋር ቤተ ክርስቲያን በሴቶች በኩል ጎን ለጎን እንቆማለን፤ እሷ አንገቷን ዝቅ ስታደርግልኝ እኔ በሩን አያለሁ። ለሸራው አዲስ ገመድ እንግዛ ሲሉኝ እምቢ አልሁ። የተቆረጠውን በቁራጭ ገመድ ቀጠልሁና፣ ቋጠሮውን አስወፍሬ፣ የሚያይ ሁሉ ይየው ብዬ ተውሁት። ለቅሶ በመጣ ቁጥር እጄ ያን ቋጠሮ ይነካል፤ በነካሁት ቁጥር እንደ አዲስ እቆጣለሁ። ስንት ክረምትና በጋ አለፈ እንዲህ እያልሁ።

አምና ያቺ ሙሽራ ከቡሬ መጣች። ልጇን እናቷ ቤት ክርስትና ልታስነሣ ነው፤ ሸራና አግዳሚ ልትጠይቀኝ ዕቃ ቤት ገባች። ፊት አልሰጠኋትም። ቀዳዳውን ሸራ ሳወጣላት ሰማያዊ ጠርዙን አየችና ቋጠሮውን በጣቷ ነካችው።

«ይኼ ምንድን ነው እማማ?»

«እናትሽን ጠይቂያት።»

 ሕፃኑን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረችው።

«እኔ ነኝ» አለች። «መስኮቱ የኔ ነበር። በጥርስዎ ሲይዙት ከመጋረጃው ውስጥ አየሁዎት። ኬኩ እኔ ጋ ነበር የተቀመጠው፤ በኬኩ ቢላ ቆረጥሁት። ናይለኑ እምቢ ብሎኝ እንደ መጋዝ ስገዘግዘው እማዬ ስልኳን ፍለጋ ገባች። አየችኝ። ትጮኽብኛለች ብዬ ስጠብቅ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን አስደግፋ ቆመች፤ ቆርጬ እስክጨርስ ሰው እንዳይገባብኝ።»