ኮረንቲውና የሚስቱ እጅ

ቄራ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ኮረንቲው» ነው የሚሉት። ሥራው ሁለት መርፌ ያላትን መለኪያ የተሰቀለ ሥጋ ላይ ሰክቶ፣ ኤሌክትሪክ በውስጡ እንዴት እንደሚያልፍ ማየት ነው። ትኩስ ሥጋ እልኸኛ ነው፣ እንደ ልብ አያሳልፍም። ሲቆይ ግን ውስጡ ያሉት ስስ ሽፋኖች ይላላሉ፣ ውሃቸውንም ይለቃሉ፤ ያን ጊዜ ከልካይ የለም። ኮረንቲው መለኪያዋን አየት አድርጎ ሥጋው ምን ያህል እንደቆየ ይናገራል። ሊዋሸው የሚሞክር ነጋዴ ትርፉ ድካም ነው።

ቀልዱስ! አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ገና አሁን የታረደ በሬ ጭን በጣቱ መታ ያደርጋል። ጡንቻው ርግብግብ ይላል። ሰውየው እግሬ አውጪኝ ብሎ ሲሮጥ ኮረንቲው ሆዱን ይዞ ይስቃል። «ምን ያስሮጥሃል ወንድሜ? በሬውማ የለም እኮ! ሥጋው መሞቱን ገና ስላልሰማ ነው።» ቤቱ ሲገባ ይህንኑ ለሚስቱ ይደግምላታል፤ እሷም «አንተ ሰውዬ፣ እራት ልንበላ ነው!» ብላ በፎጣ ትመታዋለች።

ያቺ ሚስቱ ታመመች። ሐኪሞቹ «ቤቷ ትሁን» ካሉ ወዲህ ከአልጋዋ አጠገብ አልተነቀለም፤ እጇን እንደያዘ ነው። እሷ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጄ ደረሰች?»

ልጃቸው የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው። «መንገድ ላይ ናት፣ ደርሳለች፣ ትንሽ ታገሺ» ይላታል። የእሱም ልብ በር በሩን ያያል።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። እጇን ቀስ አድርጎ አልጋው ላይ አስቀመጠና ሊከፍት ወጣ። ልጅቱ ሻንጣዋን እደጁ ላይ ጥላ፣ እሱን ቀድማ ወደ ውስጥ ሮጠች። ሲከተላት፣ አብራው ስታስታምም የቆየችውና ራስጌ የቆመችው የሚስቱ እህት ከልጅቱ አናት በላይ አየችውና ራሷን ነቀነቀች። አልፋለች። እሱ በር ሲከፍት አልፋለች።

ልጅቱ ግን ምን አይታ! «እማዬ፣ መጣሁልሽ!» ብላ እጇን አፈፍ አደረገች። ጠበቅ ስታደርገው የእናቷ አውራ ጣት ንቅንቅ አለ።

«አባዬ! ጨበጠችኝ! አወቀችኝ!»

ምን እንደሆነ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? ሥጋው ገና አልሰማም። የሚስቱ እህት አፏን ልትከፍት ስትል በዓይኑ ገሠጻት።

«አዎ፣ የኔ እናት» አላት። «አንቺን ስትጠብቅ ነው የቆየችው። አሁን አረፈች።»

ልጅቱ እሪ ብላ እናቷ ላይ ተደፋች። በለቅሶዋ መሀል እንኳ «ደረስኩላት፣ ደረስኩላት» ትል ነበር።

ሲመሻሽ ጎረቤቱ ቤቱን ሞላው። አስከሬኗን ሊያነሱ ሲሉ «እስቲ አንዴ ብቻችንን ተዉን» አላቸው። በሩን ዘጋ። እጇን ያዘ፤ ጠበቅ አደረገው። ምንም። ከአውራ ጣቷ ሥር ያለውን ሥጋ እንደ ቄራው በጣቱ መታ አደረገ። ምንም። ጊዜው እንዳለፈ ያውቃል፤ እያወቀ ነው የሞከረው። ሌላ ሰው ቢያደርገው ራሱ ይስቅበት ነበር። ደግሞ መታ አደረገ።

የሚስቱ እህት ገብታ ትከሻውን ያዘችው። «በቃ ወንድሜ፣ ተነሥ።»

«ቀኑን ሙሉ ይዣት ነበር እኮ» አላት፣ እጇን ሳይለቅ። «በር ልከፍት ነው የለቀቅኳት።»