ደጊቱ የለቀቀችው ተራ

ያለምወርቅ ስትፈራ አውራ ጣቷን በሌሎቹ ጣቶቿ ትሸፍናለች። በ2009 ዓ.ም. ክረምት፣ አንድ ጠዋት፣ የሳንባ ነቀርሳ መርማሪው ቡድን እንጅባራ በተከራያት ክፍል ውስጥ ኮምፒዩተሯ ፊት ተቀምጣ ሳለ ሁለቱም አውራ ጣቶቿ ተደበቁ።

ያስደነገጣት የቡድኑ ነርስ የሽመክት ጨዋታ ነው። ዘንገና አካባቢ አክታ ሲሰበስብ ስለዋለበት ቀን እያወራ ይስቃል።

«የእኛ ሰው እኮ አክታ ለመትፋትም ሽማግሌ ያስቀድማል! ያቺ የምታጠባዋ፣ ደጊቱ፣ ስሟ ተጠርቶ ገባች። ከኋላዋ አባ ገብረ ማርያምን ስታይ ‹እርስዎ ይቅደሙ› ብላቸው ወጣች። እሳቸውም መርቀዋት ገቡ።»

ያለምወርቅ አልሳቀችም። «የአክታው ዕቃ ላይ ስማቸውን ጽፈሃል?»

«በገቡበት ተራ ቁጥር ሰጠሁ እንጂ። ስሙንማ በር ላይ መዝግበን ሰጠንሽ አይደል?»

ፕሮግራሙን የጻፈችው ራሷ ናት። ስሞቹ በአንድ ወገን፣ ውጤቶቹ በሌላው ይገባሉ፤ የመጀመሪያው ስም ከመጀመሪያው ውጤት፣ ሁለተኛው ከሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ከአቻው ጋር ተጣምሮ ባለ ሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ ይወጣል። ከሁለቱ አንዱ ቢያጥር ኖሮ ፕሮግራሙ ስህተት አለ ብሎ ይቆም ነበር። እኩል ስለሆኑ ዝም አለ። ያኔ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲሰለፉ አይታ እንደ ልጅ አጨብጭባ ነበር።

ሠንጠረዡን ከፈተች። ደጊቱ፣ ነጻ። ከሥሯ ገብረ ማርያም፣ በሽታው ተገኝቷል።

ተገላብጧል፤ የእሷ ውጤት ከእሳቸው ስም፣ የእሳቸው ከእሷ ስም ጋር ተጣምሯል።

«ሽመክት፣ ደጊቱን ምን አልካት?»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ነጻ ነሽ፣ ልጅሽን እንደ ልብሽ ሳሚው አልኳት። ትናንት።»

ያለምወርቅ በሐሳቧ የሕፃኑን አፍንጫ ከእናቱ አፍ ሥር አየችው፤ ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ነበር።

«ኮምፒዩተርሽ ይሉኝታ አያውቅም ማለት ነው?» አለ ሽመክት ለመቀለድ ሞክሮ።

«አላስተማርኩትም።»

ለደጊቱ ደወለች፤ ኔትወርክ የለም። ሽመክት አባ ገብረ ማርያም በተሳሳተው ውጤት የጀመሩትን መድኃኒት ሊያስቆም ሮጠ። እሷ አዳዲስ ዕቃዎች አንስታ በእያንዳንዳቸው ላይ በእጇ ስም ጻፈች። ዳግም እንዳይሳሳት የደጊቱን ስም ሁለቴ ጻፈችው።

የተሳፈረችበት ባጃጅ ወደ ደጊቱ ቤት ከሚወስደው የእግር መንገድ አፍ ላይ አወረዳት። ከታች፣ ጭስ ከሚወጣበት ጎጆ፣ ደረቅ ሳል ተሰማ። ቀጥሎ የሕፃን ሳቅ። ያለምወርቅ አፏን በጭምብል ሸፈነች። በአንድ እጇ ዕቃዎቹን ይዛ፣ የሌላውን እጇን አውራ ጣት እንደደበቀች፣ ጭቃውን እየረገጠች ቁልቁል ወረደች፤ ነጠላዋ ከዛፎቹ መካከል እስኪጠፋ ድረስ ወደ ኋላ አልዞረችም።